የፈርዖን እናት

ቅዳሜ ጠዋት መርሃዊ ሳሎን ሶፋው ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ቁምጣውን ዝቅ አድርጎ፣ "እማ፣ ሾው ስላለኝ እሑድን አንጠብቅ፣ ዛሬ በቀኙ በኩል ውጊኝ፣ ግራው አሞኛል" አላት። አስካሉ መርፌውን በአንድ እጇ፣ አልኮል የነካ ጥጥ በሌላው ይዛ ከላዩ ቆማለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጀርባው በር ያህላል፤ ሶፋው ከሥሩ ያቃስታል፣ እግሮቹም ከሶፋው አልፈው ቴሌቪዥኑ ድረስ ተዘርግተዋል። ግራ መቀመጫውን አየችው። ብርቱካን አህሎ አብጧል፣ ቀልቷል፣ መሀሉ ጠቆር ብሏል። በእጇ ጀርባ ነካ ብታደርገው ገና ከእሳት የወረደ ድስት ነው የሚመስለው።

"ይሄ መቼ ጀመረህ?"

"ቱስዴይ። ምንም አይደል። ኪራኮስ የሸጠልኝ ዕቃ ቆሻሻ ነው። ዛሬ ከሾው በኋላ ጂም ሄጄ ጥርሱን ነው የማወልቅለት።"

አብሮት ጂም የሚሠራው ኪራኮስ የሸጠለት ዕቃ ቆሻሻ ይሁን አይሁን አስካሉ አታውቅም፤ የምታውቀው ባለፈው እሑድ ልጇን የወጋችው በኪራኮስ ዕቃ አለመሆኑን ነው። የወጋችው ጸበል ነው።

ነገሩ የጀመረው በስኖው ጊዜ ነበር። መርሃዊ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕዝብ የሚታይ ትግል ይታገላል፤ ሪንግ ላይ ሲወድቅ ቀኝ ትከሻው ተቀደደና እጁን ወደ ኋላ ማዞር አቃተው። ያን ጊዜ ነው ትንሽ ጠርሙስ ዘይት መሰል ነገር ይዞ መጥቶ፣ "የጆይንት ቫይታሚን ነው፣ በሳምንት አንዴ ከኋላ ትወጊኛለሽ" ያላት። እሷ ምን ትጠራጠር? በእሷ ዕድሜ ያለ ያገሯ ሰው መርፌ ያከብራል፤ ክኒን የሰጠውን ሐኪም ናቀኝ ይላል፣ መርፌ ያዘዘለትን ግን መርቆ ይወጣል። ባሏ ገብረሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስኳሩን ለዓመታት በእሷ እጅ እየተወጋ ነው የኖረው፤ "የአስካሉ እጅ አያምም" እያለ እንግዳ ፊት ያሞግሳት ነበር። ስለዚህ ደስ ብሏት ወጋችው። መድኃኒት ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው ብላም ጠርሙሱን ከእንቁላሉ ጎን ደረደረችው። እዚያው ነው እልልታ ወተት ላወጣ ብላ ያየችው። እልልታ የአንድ ደብር ሰው ናት፤ አስመራ ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበረች፣ እዚህ ካልጋሪ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ጽሑፉን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችና፣ "አንቺ ልጅሽን እያደለብሽ ነው እንዴ? ይሄ የወንድ ሆርሞን ነው። ልብ ያሳብጣል፣ ደም ያወፍራል" አለቻት።

ልጇን ስትጠይቀው አልካደም። "እማ፣ በዚህ ሥራ ሳይወጋ የሚሠራ የለም" አለ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ። "ራንዲ ያለኝን ሰምተሻል። አነስክ አለኝ። አንቺ ካልወጋሽኝ ኪራኮስ የጂሙ ሽንት ቤት ውስጥ ይወጋኛል፣ በቃ።" ራንዲ የትግሉ ባለቤት ነው፤ አዳራሹን የሚከራየው፣ ማን ማንን እንደሚጥል የሚወስነው እሱ ነው። ልጆቹን ሠራተኞቼ ይላቸዋል፣ ሲጎዱ ግን ሠራተኞቹ አይደሉም። መርሃዊ ትከሻው የተቀደደ ዕለት ራንዲ ያደረገለት ነገር ቢኖር ፒዛ መግዛት ነው። መርሃዊ በአዘቦት ቀን የሰው ሶፋና ፍሪጅ በትራክ ያመላልሳል፤ በተቀደደ ትከሻም ያመላልሳል፣ የቤት ኪራዩ ግማሽ የእሱ ነውና። እንግዲህ አስካሉ ምን ታድርግ? እምቢ ብትል የኪራኮስ እጅ አለ፤ ኪራኮስ ደግሞ መኪና ፓርክ ሲያደርግ አይታዋለች፣ ሥጋ ውስጥ መርፌ አስገባ የሚባል ሰው አይደለም። እሺ ብትል ገዳዩ እሷ ናት። ሁለት ሳምንት ስታለቅስ ከርማ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ አለች። ልጁ በሆዱ ተኝቷል፣ አያይም። ዘይቱን ሲንክ ውስጥ ደፋችና ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ካለው ጠርሙስ ጸበል ቀድታ፣ በስመ አብ ብላ ወጋችው። የመጀመሪያው እሑድ ምንም አልሆነ። እመቤቴ ሰማችኝ አለች። ሁለተኛው እሑድ የወጋችው ይኸውና ሶፋው ላይ አብጧል።

ግንባሩን ዳበሰችው። ይነዳል። እጇ ላይ ያለው መርፌም ጸበል ነው፣ እብጠቱን ሳታይ ቀድታ የመጣችው። ኩሽና ገብታ መርፌውን በላስቲክ ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችውና ተመልሳ፣ "ትኩሳት ያለበት ሰው አይወጋም። ተነስ፣ ኢመርጀንሲ እንሂድ" አለችው።

"ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ ሁለቱ ሰዎች ይመጣሉ እማ፣ ነግሬሻለሁ።"

ነግሯታል። ከአሜሪካ ከትልቁ የትግል ኩባንያ ሁለት ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ከወደዱት ደመወዝ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ፍሪጅ መሸከም ቀረ ማለት ነው። ካልወደዱት በዚህ ሥራ ሠላሳ የሞላው ሰው አርጅቷል፣ ዳግም የሚጠራው የለም። ሁለት ታይለኖል በአንዴ ዋጠና፣ ውጭው የሰኔ ፀሐይ ሆኖ ሳለ የክረምት ጃኬቱን ደርቦ ቁርሱን ሊበላ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ከተባለ፣ በአንድ ጎኑ። እሷ ስታየው እንቁላሉን በሹካ ያገላብጣል እንጂ አልበላም። እሱም ስታየው አያት።

ሻወር ሲገባ መኝታ ቤቷን ዘግታ እልልታ ጋ ደወለች። እልልታ ብሬክ ላይ ነበረች፣ ሳንድዊች እያኘከች ነው የመለሰችው።

"ምን ወጋሁት አልሽ?"

"ጸበል።"

ማኘኩ ቆመ። "ጸበል ይጠጣል። ይጠመቁታል። ቤት ይረጩታል። መርፌ ውስጥ ክተቺው ያለሽ የትኛው ቄስ ነው?"

"ማንም አላለኝም።"

"መቼ ያመጣሽው ጸበል ነው?"

"የጥምቀት።"

"የጥምቀት! ከጃንዋሪ ጀምሮ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቀት ላይ ተቀምጦ? አንቺ ሴት፣ ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ አይቷል።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብርድ ብርድ ይለዋል?"

"ጃኬት ለብሶ ነው ቁርስ የቀረበው።"

"አስካሉ፣ ስሚኝ። ዛሬ። ነገ የሚባል የለም። ደሙ ውስጥ ከገባ ልጅ የለሽም። የወጋሽውንም ለሐኪሞቹ ትነግሪያለሽ፣ ዘይቱንም ጸበሉንም። ካልነገርሻቸው በጨለማ ነው የሚፈልጉት።" ቀጥላም፣ "እኔ ሺፍቴን ጥዬ መምጣት አልችልም። እኔ ግደይው ብዬሻለሁ እንዴ፣ አንቺው አድኚው" ብላ ዘጋችው።

መርሃዊ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ እናቱን መኪናው ውስጥ ቀድማ ተቀምጣ አገኛት። ሦስት ዓመት ሲታገል አንድ ቀን መጥታ አታውቅም፤ ምክንያቷም ራንዲ ያወጣለት ስም ነው። ጥቁርና ግዙፍ ሲያየው የወርቅ ቀለም ያለው የራስ ጨርቅ አጠለቀለትና "ፈርዖን" አለው፤ ከአባይ ዳር የመጣ ክፉ ንጉሥ። ልጁ የተወለደው እዚሁ ካልጋሪ፣ አባይን በዩቱብ ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ አስካሉ፣ "የቀይ ባሕር ሰው ልጅ እንዴት ፈርዖን ይባላል? ቀይ ባሕር እኮ ነው የዋጠው። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም?" ብላ ተቆጥታ እግሬን አላነሳም አለች፣ አላነሳችምም።

"ዛሬ ምን ተገኘ?" አላት።

"ልጄን ላየው ነዋ።"

ከሠፈራቸው ከፔንብሩክ ወደ ታች ወርደው ፒገን ትሬል የሚባለው አውራ ጎዳና ገቡ። ኤሪን ውድስን ሲያልፉ መርሃዊ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ኪራኮስ ጋ ደወለ። በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ነው የሚነዳው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ምንድን ነው የሰጠኸኝ አንተ? ኢንፌክሽን ነው ያሲያዝከኝ።"

"ብሮ፣ ማርያምን፣ ሴም ባች ነው። እኔም እሱኑ ነው የምወስደው። ላይክ፣ ምንም አልሆንኩም።"

"ከሾው በኋላ ጂም ጠብቀኝ። ብትጠፋ ቤትህ እመጣለሁ።"

"ማርያምን እያልኩህ ነው እኮ ብሮ።"

እውነቱን ነው የሚምለው። ይህን የምታውቀው አስካሉ ብቻ ናት። ለልጅ ጸበል ወጋሁህ ተብሎ በየትኛው አማርኛ ነው የሚነገረው? ቀና ብላ የኦግደን ሠፈርን የባቡር ፉርጎዎች አየች። መጨረሻ የላቸውም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ታስሮ ቆሟል፣ የሚንቀሳቀስም የለ።

አዳራሹ የሠፈር መሰብሰቢያ ነው፤ ለልጆች እንዲመች ትግሉ በከሰዓት ነው የሚደረገው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጠባብ ክፍል የሰውነት ዘይትና የላብ ሽታ አፍኖታል። መርሃዊን ዛሬ የሚገጥመው ሰው ዴል ይባላል፤ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በሳምንቱ የመኪና ጭስ ማውጫ ይበይዳል፣ በቅዳሜው ይወድቃል። አስካሉን ሲያይ ብድግ ብሎ የተቀመጠበትን ወንበር ሰጣት። እሷ ይህን አልጠበቀችም፤ ፈረንጅ ለእናት ሲነሳ ብዙ አላየችም።

ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ሥራቸውን መነጋገር ጀመሩ። መርሃዊ አንዴ ነግሯት ነበር፤ ትግሉ የውሸት ቢሆንም መውደቁ የእውነት ነው። የሚያነሳው ሰው ነው የሚወድቀውን አንገት የሚጠብቅለት። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱ የሚያመውን ቦታ ለሌላው ይናገራል፣ ሌላውም ያንን ቦታ አይነካም። ይህን የሚደብቅ ሰው አደራ በላ ነው፣ ሁለተኛ አብሮት የሚሠራ አያገኝም። ዴል ግራ ጉልበቱን፣ አንገቱን፣ አንድ የሚነቃነቅ ጥርሱን ነገረው። "አንተስ?" አለው።

"ትከሻዬ ብቻ" አለ መርሃዊ።

አስካሉ ጠበቀች። ሌላ የሚጨምር መሰላት። አልጨመረም። ዴል ራሱን ነቀነቀ፣ አምኖታል። መጨረሻ ላይ ዴል መርሃዊን ከፍ አድርጎ አንስቶ በጀርባው ሊያወርደው ነው የሚስማሙት፤ በጀርባው ማለት በዚያ እብጠት ላይ። ያን ጊዜ ከወንበሯ ተነሳች። ለልጇ በአማርኛ መናገር ያቃታትን ነገር ለማታውቀው ሰው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረችው።

"ዴል፣ ሚስተር። ኖት ሾልደር ኦንሊ። ሂ ሲክ። ሂር።" የራሷን ዳሌ መታ መታ አደረገች። "ቢግ። ሆት። ፊቨር።"

"እማ፣ ስቶፕ" አለ መርሃዊ።

"አይ ጊቭ ኢንጀክሽን። ኖት ሂዝ ሜዲሲን። ሆሊ ዋተር። ፍሮም ቸርች። ማይ ሃንድ።" ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ኪራኮስ አይደለም። እኔ ነኝ። ሁለት እሑድ።"

መርሃዊ የወርቁን ጨርቅ ግማሹን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ግማሹን በእጁ ይዞ ቆመ። ዴል አልሳቀም፤ መዳፉን ዘርግቶ ልክ እንደ አባት የልጁን ግንባር ነካና እጁን ቶሎ መለሰ። በዚህ መሀል ራንዲ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ አለ። ዴል፣ "ልጁ ታሟል፣ አላነሳውም" አለው። ራንዲ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ለእኔ የታመመ አይመስልም" አለ። መርሃዊ ጨርቁን አጠለቀ። "ዴል፣ እለምንሃለሁ" ብቻ ነው ያለው፣ እናቱን ሳያይ።

አስካሉ አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ፈርዖን ሲገባ ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸበት። ሕፃናት አውራ ጣታቸውን ቁልቁል አደረጉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ወደ በረሃህ ተመለስ እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮሃል። ጎኗ የተቀመጠች ፀጉረ ነጭ ሴትዮ ፖፕኮርኗን እያቀረበችላት፣ "አያስጠላም?" አለቻት። አስካሉ ፖፕኮርኑን ተቀብላ፣ "ማይ ሰን" አለች። ሴትዮዋ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ፣ "በጣም ጎበዝ ክፉ ነው፣ ልትኮሪ ይገባል" አለቻት። አስካሉ የሚያብረቀርቀውን ልጇን አየች፤ ሰው ሁሉ ዘይት መስሎታል፣ የትኩሳት ላብ ነው። ሲዞር ግራ እግሩን እንደሚጎትት ያየችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጣቶቿ ፖፕኮርኑን እንደ ጥሬ ፈጩት።

ተያያዙ፣ ተላቀቁ፣ ገመዱ ላይ ነጠሩ። ዴል አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሲለው አየች፣ መርሃዊ ራሱን በእምቢታ ሲነቀንቅም አየች። ከዚያ መርሃዊ ደረቱን ገፋ አደረገው፤ ትንሽ ግፊያ ነበረች፣ ሕፃን የማትጥል። ዴል ወደቀ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ፤ ጩኸቱ እስከዚያ ድረስ ሲጮኽ ከነበረው የተለየ፣ የሰው ጩኸት ነበር። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አናገረውና ቀና ብሎ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ያ ምልክት የሚደረገው ጉዳቱ የእውነት ሲሆን ነው፣ ሕዝቡም ያውቀዋል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ደወል ተመታ። ጠቅላላው ሦስት ደቂቃም አልሞላ። ፈርዖን መሀል ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ፣ የሚሰድበው እንኳ አጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስትደርስ ዴል በሁለት እግሩ ደህና አድርጎ ቆሞ የጉልበቱን ፋሻ ይፈታል። አያትና ትከሻውን ከፍ አደረገ። "አርጅቻለሁ" አላት፣ "ሁሉም ያምነኛል።" ራንዲ ገና ከመግባቱ፣ "ዴል፣ ሰመሩን እረፍ፣ እደውልልሃለሁ" አለው። ዴል እንደማይደወልለት ገብቶታል፤ ፋሻውን ጠቅልሎ ጨርሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሰው ሁሉ እያየው ማንከስ ጀመረ። አስካሉ ልታመሰግነው ፈልጋ ቃሉን ስታሰባስብ በጓሮ በር ወጥቶ ነበር።

ራንዲ ግን ለመርሃዊ ፊቱ በርቷል። ሰዎቹ ትግሉን አላዩም፣ ሰውነቱን ግን አይተዋል። ሰውነቱን ወደዱት። ኦክቶበር ላይ ከሌላ ሰው ጋር ስትታገል እንደገና ያዩሃል አለው፤ እስከዚያ አራት ኪሎ ብትጨምርበት ደግሞ ጥሩ ነው አሉ። መርሃዊ ፎጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ፈገግ አለ። አስካሉ የፈራችው ያን ፈገግታ ነው። ትኩሳቱን አልፈራችውም፤ ትኩሳት መድኃኒት አለው።

ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ናት፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ስትወስድ አልታገላትም። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ተደግፎ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኑን ሳይከፍት፣ "ኦክቶበር" አለ። ኪራኮስን ደውለህ ይቅርታ በለው ልትለው ብላ ተወችው።

ኢመርጀንሲው በር ላይ ያለችው ነርስ ሙቀቱን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ ቶሎ ትጠይቅ ጀመር። የሚወስደው መድኃኒት አለ? የለም። ሰፕለመንት? የለም። እዚያ ቦታ ላይ መርፌ ተወግቶ ያውቃል? "ኖ" አለ መርሃዊ፣ "ስፖርት ስሠራ ወደቅኩ።"

"የስ" አለች አስካሉ። "ኢንጀክሽን። ኤቭሪ ሳንደይ። አይ ዱ።"

መርሃዊ ወደ እናቱ አልዞረም። ለነርሷ በጥሩ የካልጋሪ እንግሊዝኛው፣ ትሕትና ባለው ድምፅ፣ "ይቅርታ፣ እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ግራ ገብቷት ነው" አላት። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። አስካሉ ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ሆቴል ስታጸዳ፣ ከሱፐርቫይዘር ጋር ስትጣላ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ስለ እሱ ስትከራከር የኖረችበት እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ከእጇ ተወሰደ። ነርሷ ስልኩን አነሳችና አስተርጓሚ አለን፣ የትኛው ቋንቋ ነው ብላ ጠየቀች።

"አማሪክ" አለች አስካሉ።

ስልኩ እስኪገናኝ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። መርሃዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲለምናት በሚናገርበት አማርኛ፣ "እማ፣ ስሚኝ" አላት። "ሪከርድ ላይ ይገባል። ኩባንያው ሪከርድ ያያል። ከነገርሻት ኦክቶበር የለም። ምንም የለም። ዕድሜ ልኬን ፍሪጅ መሸከም ነው። እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሺልኝ።"

አየችው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ቆዳውን እየገፋ በፍጥነት ይመታል። ልጇ ነው፤ እንዲህ ብሎ ለምኗት እምቢ ያለችበትን ቀን አታስታውስም።

ሙዚቃው ተቋረጠ። የወጣት ሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ" አለ። ነርሷ ስልኩን በመሀላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መርሃዊ የጃኬቱን ኮፍያ ራሱ ላይ ሳበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ጤና ይስጥልኝ ልጄ" አለች አስካሉ። "የምነግርሽን አንዲትም ሳታስቀሪ ንገሪልኝ።"